የቅንጬ አረም ናሙናዎችና የአራት ኪሎው ሄርባሪየም

አራት ኪሎ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ግቢ ውስጥ ብሔራዊ ሄርባሪየም አለ። የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። የአገሪቱ ዕፅዋት ደርቀው፣ ተለጥፈው፣ ስማቸው ተጽፎ በየወገናቸው ይቀመጡበታል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ተክሉ ከነሥሩና ከነአበባው ይነቀላል፣ በጋዜጣ መሃል ተጭኖ ይደርቃል፣ ከዚያ ወፍራም ወረቀት ላይ ይለጠፋል። ዋናው ነገር ግን ጥግ ላይ ያለችው ትንሽ ጽሑፍ ናት። የት ተገኘ፣ መቼ፣ በስንት ሜትር ከፍታ፣ ማን ሰበሰበው። እሷ ከሌለች የቀረው ድርቆሽ ነው።

ቅንጬ አረምን እንውሰድ፤ በኦሮምኛ ፈረምሲሳ የሚባለውን። ትውልዱ አሜሪካ አህጉር ነው፣ ዛሬ ግን ከህንድ እስከ አውስትራሊያ ሞቃቱን ዓለም አዳርሷል። አንዱ ተክል ብቻ ከ15 ሺህ በላይ ዘር ሊያፈራ ይችላል። የነካው ሰው ቆዳው ይቆጣል፣ የበላች ላም ወተቷ ይመራል፣ ማሳ ውስጥ ከገባ ደግሞ ሰብሉን ያቀጭጫል።

እንዴት አገራችን ገባ? አንዳንዱ ከኦጋዴን ጦርነት ተሽከርካሪዎች ጋር ነው ይላል፣ ሌላው በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከመጣው የዕርዳታ እህል ጋር። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የድሬዳዋና የሐረርጌ ሪፖርት የ1988 እ.ኤ.አ. ስለሆነ፣ ከሁለቱም በኋላ መጥቶ ክርክሩን አይፈታውም። ከድርቁ በፊት የተሰበሰበ ቀን ያለው አንድ ናሙና ቢኖር ግን የእህሉ ታሪክ ብቻውን አይቆምም ነበር። ለዚህ ነው ተራ አረም መሰብሰብ አለበት የምለው።

ችግሩ ሰብሳቢ አረም አይወድም፤ ጫካ ገብቶ ብርቅዬ ተክል ይፈልጋል፣ ደግሞም ይገባዋል። የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጻሕፍት ከ1980 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. ከስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሲዘጋጁ ወደ 6 ሺህ የሚሆኑ ዝርያዎች ተመዝግበዋል፣ ትልቅ ሥራ ነው። ያም ሆኖ ካርታ ላይ ነጥብ የለም ማለት አረሙ እዚያ የለም ማለት አይደለም፤ ምናልባት ማንም ጎንበስ ብሎ አልነቀለውም። የመጀመሪያው ናሙና ቀንም የመጣበት ቀን አይደለም። ከዚያ በፊት መግባቱን ብቻ ነው የሚነግረን።

ስለዚህ ቦይ ዳር ወይም ግንባታ አጠገብ ካያችሁት በጓንት ንቀሉት፣ ቀኑንና ቦታውን እዚያው ጻፉ። ዘር ከያዘ በፌስታል ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩት፤ ዘሩ ደቃቅ ነው፣ ከጫማና ከመኪና ጎማ ጋር ይጓዛል።