ያገለገለ ደብል ቤዝ ሲገዛ ምን ይታያል?
ደብል ቤዝ ከቫዮሊን ቤተሰብ ትልቁ ነው። ሲቆም ቁመቱ 1.80 ሜትር ያህል ይሆናል። አራቱ ክሮች ከወፍራሙ ጀምሮ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል ይቃኛሉ። አዲስ አበባ ውስጥ እንደ ጊታር በየሱቁ ተሰቅሎ አይጠብቅም። ስለዚህ ፈላጊው ብዙ ጊዜ ዓይኑን የሚጥለው ያገለገለው ላይ ነው።

ዋናው ጥያቄ እንጨቱ ነው። ውዱ ዓይነት ፊቱ ስፕሩስ፣ ጀርባና ጎኑ ሜፕል ከሚባል እንጨት ተቀርጾ የተሠራ ነው። ርካሹ ሙሉ በሙሉ ኮምፔንሳቶ ነው። በመሀል ፊቱ ብቻ ተቀርጾ ሌላው ኮምፔንሳቶ የሆነ አለ። ቫርኒሹ ሦስቱንም ያስመስላቸዋል። እውነቱን የሚያወጣው በኤፍ ቅርጽ የተቆረጠው ቀዳዳ ጠርዝ ነው። የስልክ መብራት አብርቶ ጠጋ ብሎ ማየት ነው። የፊቱ የእንጨት መስመር ጠርዙን ይዞ ወደ ውስጥ ከወረደ ወጥ እንጨት ነው። ስስ ሽፋኖች ተደራርበው ከታዩ ኮምፔንሳቶ ነው። ጠርዙ ጥቁር ከተቀባ ደግሞ የጀርባው መስመር ከውስጥ ከሚታየው ጋር መግጠሙ ይታያል።

ኮምፔንሳቶ ነው ተብሎ ግን አይናቅም። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ክረምቱ እርጥብ፣ በጋው ደረቅ ነው። ወጥ እንጨት ያብጣል፣ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል። ኮምፔንሳቶ ሽፋኖቹ ተሻግረው ስለተጣበቁ ይህን ይችለዋል። ማታ ማታ ታክሲ ላይ ለሚጫን መሣሪያ እኔ ደህና ኮምፔንሳቶን ከተጎዳ ወጥ እንጨት አስበልጣለሁ።

ስንጥቅ ሁሉ አንድ አይደለም። የጠርዝ መላቀቅ ቀላል ነው። በጣት አንጓ ዙሪያውን መታ መታ ሲደረግ የላላው ቦታ ይንቀጫቀጫል። ባህላዊው የቆዳ ኮላ እንጨቱ ከመሰበሩ በፊት ራሱ ይለቃል፣ መልሶም ይጣበቃል። አናጺ በነጭ ኮላ ከደፈነው ግን ቀጣዩ ጥገና ፈተና ነው። የሚያስፈራው አንገቱ ከአካሉ የሚገናኝበት ስንጥቅና ከውስጥ ምሰሶው (በፊቱና በጀርባው መካከል ከሚቆመው እንጨት፣ ሳውንድ ፖስት) ትይዩ ጀርባው ላይ ያለው ስንጥቅ ነው።

ጣት የሚያርፍበት ጣውላ ጥሩ የሚባለው ዞጲ ከሚባለው ጥቁር እንጨት ሲሆን ነው። ርካሹ ጥቁር የተቀባ ነው። አንድ ጊዜ ነጭ መሀረብ አርጥቤ ባሸው እንደ ጫማ ቀለም ለቀቀ፤ ከሥሩ ቡኒ እንጨት ወጣ።

በገና ላይ እንዚራው (ከክሩ ሥር የሚገባው ቆዳ) የሚያወጣውን ንዝረት ወደን እንሰማዋለን። ደብል ቤዝ ላይ ግን መንዘር ጉድለት ነው። አንድ ቦታ ብቻ ከነዘረ ጣውላው ተቦርቡሮ ይሆናል፤ የትም ከነዘረ የላላ ነገር አለ።

ከመጫወት በፊት በቀዳዳው አሾልቆ ምሰሶው መቆሙን ማየት ያስፈልጋል። በመንገድ ወድቆ ከሆነ ክሮቹን ቶሎ ማላላት ነው፤ አለዚያ ፊቱ ጫናውን ብቻውን ተሸክሞ ይሰምጣል።