የጉዞ ጀብዱ ልብ ወለድ ምንድን ነው?

ሰው ከቤቱ ወጥቶ ሩቅ አገር ስለሄደ ብቻ ታሪኩ የጉዞ ጀብዱ አይሆንም። መድረሻና ቀነ ገደብ ያስፈልገዋል። መንገዱ ደግሞ እምቢ ማለት አለበት።

የዘውጉ አውራ የፈረንሳዊው ዡል ቬርን «በ80 ቀን ዓለምን መዞር» ነው። እ.ኤ.አ. በ1872 በጋዜጣ በተከታታይ ወጣ። ፊሊያስ ፎግ የተባለ የለንደን ሀብታም 20,000 ፓውንድ ይወራረድና በዚያው ማታ ከአሽከሩ ከፓስፓርቱ ጋር ይነሳል። ፊልሙን ያየ ሰው ፊኛ ይጠብቃል። መጽሐፉ ውስጥ ግን ፎግ ፊኛ ላይ አይወጣም። በአብዛኛው ባቡርና መርከብ ነው። የስዊዝ ቦይ የተከፈተውም፣ አሜሪካን የሚያቋርጠው ሐዲድ የተገጠመውም በ1869 ስለነበር ሐሳቡ ትኩስ ነበር። ፎግ ራሱ ደረቅ ሰውዬ ነው፤ አገር ከማየት ካርታ መጫወት ይመርጣል። አፉን ከፍቶ የሚያየው አሽከሩ ነው።

ለእኔ የመጽሐፉ ልብ ህንድ ላይ ነው። የለንደን ጋዜጦች ሐዲዱ ተጠናቋል ብለው ጽፈዋል። ባቡሩ ግን ጫካ መሃል ይቆማል፤ ውረዱ ይባላል። እስከ አላሀባድ 50 ማይል ገና አልተሠራም። ነገሩን የሚያውቁት ተሳፋሪዎች ያለውን ጋሪና ፈረስ ተሻምተው ጨርሰዋል። ፎግ ምን ያድርግ? በ2,000 ፓውንድ ዝሆን ይገዛል!

ይህን ድሬዳዋ ሆኖ የሚያነብ ሰው ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 እዚህ ደርሶ ቀጥ አለ። የሐረርን ዳገት አልሞከረውም። አዲስ አበባ የገባው ገና በ1917 ነው። ያን ሁሉ ዓመት ወደ መሃል አገር የሚሄድ ሰውና ዕቃ ከባቡር ወርዶ በበቅሎና በግመል ይቀጥል ነበር። ከተማችን የበቀለችውም ሐዲዱ በቆመበት ነው። ስለዚህ እኛ ድሬዎች የዝሆኗን ምዕራፍ ማንም ማስረዳት የለበትም።

ውርርዱን የሚፈታው ግን ፍጥነት አይደለም። ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ ሰው በእያንዳንዱ የኬንትሮስ ዲግሪ ቀኑ 4 ደቂቃ ያጥርበታል። 360ውን ዲግሪ ሲጨርስ 24 ሰዓት ይሞላል። ፎግ ፀሐይ 80 ጊዜ ስትወጣ ሲያይ ለንደን የቀሩት ወዳጆቹ ያዩት 79 ጊዜ ነው። መጽሐፉን ገና ያላነበባችሁ፣ ይህችን አንቀጽ አላየንም በሉ።