አንድ ሙድ ውሃ
ስለ እስልምናና ስለ አካባቢ ጥበቃ ሲወራ ለብዙ ሰው ቶሎ የሚመጣለት ችግኝ ነው። እኔ ግን ከቧንቧው ልጀምር።

ጁሙዓ ቀን መርካቶ ውስጥ አንዱ መስጊድ ግቡና ውዱእ (ከሶላት በፊት ያለው መታጠብ) ማድረጊያው ጋ ቆም በሉ። ሰው እጅጌውን እየሰበሰበ፣ ካልሲውን እያወለቀ፣ ከጎኑ ካለው ጋር ሰላም እየተባባለ ቧንቧው ክፍት ነው፤ ውሃው ዝም ብሎ ይወርዳል። የከተማችን ውሃ ደግሞ በፈረቃ ነው። ጀሪካን ደርድራ ሌሊቱን የምትጠብቅ እናት ያለችበት ሰፈር ስንቱ ነው!

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ውዱእ ያደርጉ የነበረው በአንድ ሙድ ውሃ ነው። የነቢዩን ንግግርና ተግባር (ሐዲስ) የሰበሰቡት ሊቃውንት ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ሙድ የመካከለኛ ሰው የሁለት እጅ እፍኝ ሲሆን አንድ ሊትር እንኳ አይሞላም። ገላቸውንም የሚታጠቡት ከአራት እስከ አምስት ሙድ በሚሆን ውሃ ነበር። ባለ አንድ ሊትር ሀይላንድ ሞልታችሁ ሞክሩት፣ ፊት፣ እጅና እግር ሦስት ሦስት ጊዜ ታጥባችሁ፣ ራሳችሁንም አብሳችሁ፣ ቀስ ካላችሁ ይበቃችኋል። ከሚያስፈልገው በላይ ማፍሰሱ ኢስራፍ ይባላል፣ ማባከን ማለት ነው። ቁርኣን ብሉ ጠጡ ባለበት አንቀጽ (7፥31) ላይ ነው አታባክኑ ያለው።

መሠረቱ ሰው በምድር ላይ ኸሊፋ፣ ማለትም ተወካይ፣ ነው የሚለው ነው። ምድር አማና ናት፣ የአደራ ዕቃ። ለዚህም ነው ከተከሉት ዛፍ ወፍ እንኳ ብትበላ ሶደቃ (ምጽዋት) ሆኖ የሚጻፈው፣ ቂያማ (የትንሣኤ ቀን) ሲቆም በእጁ ችግኝ ያለ ሰው ከቻለ ይትከለው የተባለው። መዲና ዙሪያ ዛፍ መቁረጥም አውሬ ማደንም ክልክል ነው።

አንዱ ሐዲስ ግን ለእኛ ለአዲስ አበቤዎች በጣም ይቀርባል። ውሃ በሚቀዳበት ቦታ፣ መንገድ ላይና ሰው በሚያርፍበት ጥላ ሥር መጸዳዳት እርግማን ያመጣል ይላል። የቀበናንና የቀጨኔን ወንዞች ያየ ሰው ይህን ሰምቶ እንዴት ዝም ይላል?

የነቢዩ ባልደረባ ዑስማን (ረ.ዐ) መዲና ውስጥ የሩማን ጉድጓድ ገዝተው ሰው ሁሉ እንዲጠጣበት ሰጥተዋል። ዛሬም በሞተ አባቱ ስም ለመስጊድ ቧንቧ የሚያስገባ ሰው አለ፤ ሶደቀቱል ጃሪያ ነው፣ ምንዳው አይቋረጥም። እባካችሁ ስታስገቡ፣ እጅ ሲነሳ ራሱ የሚዘጋውን ዓይነት ግዙ።