የዕፅዋት ማዕከል ምንድን ነው?

አንዳንዶች «ቦታኒክ ጋርደን» ይሉታል። አዲስ አበባ ያለው የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል አንዱ ነው። ለሕዝብ ክፍት የሆነ፣ እያንዳንዱ ተክል ከየት እንደመጣ በመዝገብ የተያዘበት ግቢ ማለት ነው። መዝገብ ከሌለው፣ የቱንም ያህል ቢያምር መናፈሻ ነው። የአንድ አካባቢ አገር በቀል ተክሎችን ብቻ ለሚይዝ ግቢ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል፤ የተክሉ ስም ብቻውን ያሳስታልና።

ለምሳሌ ሰሜን ሸዋ ላይ እንዲህ ያለ ግቢ ለሚያቋቁም መጀመሪያ የሚያሳስተው ጥድ ነው። ለአጥር የሚተከለው የፈረንጅ ጥድና የሐበሻው ጥድ ከሩቅ ይመሳሰላሉ። ፍሬያቸውን በእጅ ይዞ ማየት ነው፦ የፈረንጁ እንደ እንጨት የጠነከረ፣ ሲደርቅ የሚሰነጣጠቅ ድቡልቡል ነው፤ የሐበሻው ትንሽ፣ ለስለስ ያለ፣ ሲበስል ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር ነው። ፍሬ ባይገኝበትስ? የሐበሻ ጥድ ወንዴውና ሴቴው አብዛኛውን ጊዜ ለየብቻ ዛፍ ስለሆነ፣ ፍሬ አለመያዙ ፈረንጅ አያሰኘውም። ኮሶም እንዲሁ ነው፤ ለመድኃኒት የሚለቀመው ቀይ አበባ የሴቴዋ ነው። ግቢው ውስጥ ሴቴዎቹ ብቻ ከተተከሉ ዘር የለም።

ዘር ከአንድ ግዙፍ ዛፍ ሥር አይለቀምም። 100 ሜትር ያህል ከተራራቁ ቢያንስ 30 ዛፎች ቢሆን ይመረጣል፤ ጎን ለጎን የቆሙት ብዙ ጊዜ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። አንድ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ይህን ያህል ካልያዘ ወደ ሌላው መሄድ ነው። የየደብሩ ዘር ግን በየራሱ ከረጢት፣ በየራሱ ቁጥር ይቀመጣል። ከተደባለቀ መዝገቡ ዋጋ የለውም።

የወይራ ፍሬ ሥጋው ታጥቦ ይወልቅና ጠንካራው ቅርፊት ቀስ ተብሎ ይሰነጠቃል፤ ውስጡ ከተጨፈለቀ ይበሰብሳል። የኮሶ ዘር ደቃቅ ስለሆነ ከአሸዋ ጋር ተደባልቆ ይበተንና በስስ አፈር ይሸፈናል። ጠልቆ ከተቀበረ አይወጣም።

ደብረ ብርሃን ላይ ችግኝ የሚጨርሰው ከድርቅ ይልቅ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ነው። ሰማይ በጠራበት ሌሊት ቀዝቃዛው አየር ወደ ጎድጓዳው ይወርዳል፤ ስለዚህ የችግኙ መደብ ተዳፋት ላይ ይሁን። ማታ ሣር ይልበስ፣ ጠዋት ይገለጥ። ወደ ሜዳ የሚወጣው ችግኝ ሐምሌ ላይ ይተከል፤ መስከረም ላይ የተተከለ ሥሩን ሳይሰድ ውርጩ ይደርስበታል። ዋንዛን ግን ያን ያህል ከፍታ ላይ ባይታገሉት ይሻላል። ጅባራ በአንጻሩ የመንዝ ጓሳ ብርድ ልጅ ነው፤ አንዴ አብቦ ስለሚሞት ከሥሩ ተተኪ ችግኝ ካልተዘጋጀ ቦታው ባዶ ይቀራል።

የስም ሰሌዳው ላይ የአገሬው ስም፣ ሳይንሳዊ ስሙ፣ የመለያ ቁጥሩ፣ ዘሩ የተለቀመበት ቦታና ከፍታው ይጻፍ። ቀለም ፀሐይ ያጠፋዋል፤ ቆርቆሮ ላይ በምስማር መውጋት ይሻላል። ሽቦው ግንዱን ጠበቅ አድርጎ ከታሰረ ዛፉ ሲወፍር ያንቀዋል፤ ቅርንጫፍ ላይ ላላ ተደርጎ ይንጠልጠል፣ በየዓመቱም ይፈተሽ።