ለገሃር የማን ስም ነው? ስለ ባቡር፣ ወንዝና ጥንታዊ መንገዶች በስህተት የምንናገራቸው

የታክሲ ረዳት «ለገሃር! ለገሃር! አንድ ሰው!» እያለ ሲጣራ ስሙ ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ ብዙ የለም። የጠየቀ እንደሆነ ደግሞ መላሽ አይጠፋም። ችግሩ ያለው መልሱ ላይ ነው። ስለ ባቡርና ስለ ድሮ መንገዶች የምንናገረው ነገር ግማሹ ከአያት የተሰማ ነው። ግማሹ ደግሞ ሲያወሩት ስለሚጥም ብቻ የቆየ። ጥቂቶቹን ላንሳ። ዓመቶቹን በሙሉ የጻፍኩት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

«ለገሃር የኦሮምኛ ስም ነው»

ለመሳሳት የሚመች ስም ነው። ለገጣፎ አለ፣ ለገዳዲ አለ። «ለገ» በኦሮምኛ ወንዝ ነው። ስለዚህ ለገሃርም የሆነ ወንዝ ይሆናል ብሎ መገመት ሞኝነት አይደለም። ግን ስሙን የሰጠው ወንዝ ሳይሆን ባቡር ጣቢያው ነው። ፈረንሳዮቹ ጣቢያውን በቋንቋቸው «ላ ጋር» አሉት፣ የከተማው ሰው በራሱ አፍ ለገሃር አደረገው። ዛሬ ቆሞ የምናየው ሕንፃ የተመረቀው በ1929 ነው።

«ባቡር» የሚለው ቃል ራሱ ከፈረንጆቹ የእንፋሎት ስም ተነስቶ በዐረብኛ በኩል የደረሰን ነው። ድሮ ሐዲድ የማያውቅ ነገርም ባቡር ይባል ነበር። ሰርኪስ ተርዚያን የሚባል አርመናዊ ለዐፄ ምኒልክ የመንገድ ሥራ በእንፋሎት የሚሄድ ከባድ መኪና አስመጣ። «የሰርኪስ ባቡር» ተብሎ ቀረ። ያኛው ባቡር አዲስ አበባ የገባው ከእውነተኛው ባቡር ዓመታት ቀድሞ ነው፣ ያውም ያለ ሐዲድ።

«ባቡሩን አዲስ አበባ ያስገቡት ዐፄ ምኒልክ ናቸው»

ያስጀመሩት እሳቸው ናቸው። ሲገባ ግን አላዩትም። ንጉሠ ነገሥቱ ያረፉት በ1913፣ ባቡሩ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው። ያኔ ዙፋኑ ላይ የነበሩት ንግሥት ዘውዲቱ ናቸው።

ለምን ያን ያህል ዘገየ? «በረሃውና ተራራው አስቸግሮ ነው» ሲባል እሰማለሁ። በረሃውስ አስቸግሯል። ትልቁ ጣጣ ግን ገንዘብና ፖለቲካ ነበር። ስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ ፈቃዱን ያገኘው በ1894 ሲሆን ለ99 ዓመት የሚቆይ ነበር። እሱና ፈረንሳዊው ሌዎን ሸፍኖ ኩባንያ አቋቁመው ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ። ገንዘቡ ግን ቶሎ አለቀ። የእንግሊዝ ባለሀብቶች በአክሲዮን መግባት ሲጀምሩ የፈረንሳይ መንግሥት ደነገጠ። በ1902 ለኩባንያው በየዓመቱ ድጎማ ልስጥ አለ፣ በምትኩ መስመሩ ላይ የማዘዝ መብት ያዘ። ይህ ሁሉ ሲሆን ዐፄ ምኒልክን ያማከረ የለም። በሀገራቸው መሬት ላይ የሚያልፍ መስመር የሌላ መንግሥት ንብረት ሊሆን መሆኑ ገባቸው። ከድሬዳዋ አንድ እርምጃ እንዳይቀጥል ከለከሉ።

ኩባንያው በ1907 ከሰረ። በ1908 አዲስ ኩባንያ ተቋቁሞ ሥራው እንደገና ቀጠለ። ትምህርት ቤት ስንማር ይህ የቆመበት ጊዜ በአንድ መስመር ታልፎ ነበር። ለእኔ ግን ከምረቃው ይልቅ የሚገርመው እሱ ነው። ባቡር በጣም የሚፈልጉ ንጉሥ ባቡሩን ራሳቸው አቆሙት።

«ባቡሩ ድሬዳዋ ከተማ ገባ»

የሚገባበት ከተማ መቼ ነበረና! መጀመሪያ የታሰበው ሐረር ነበር። የንግዱ ማዕከል፣ የቡናው መናኸሪያ፣ የራስ መኮንን መቀመጫ ሐረር ናት። ግን ሐረር ያለችው ከሜዳው ወደ 700 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ነው። ሐዲዱን እዚያ ድረስ ማውጣት ኩባንያው ያልነበረውን ገንዘብ ይበላል። ስለዚህ መስመሩ ከተራራው ሥር በሜዳው እንዲያልፍ ተወሰነ። በ1902 መጨረሻ ሐዲዱ የደረሰበት ቦታ ላይ ከተማ ተቆረቆረ። መጀመሪያ የወጣለት ስምም «አዲስ ሐረር» ነበር።

ድሬዳዋን ያየ ሰው ይህን ታሪክ በእግሩ ያነበዋል። በአንድ በኩል ከዚራ አለ፣ መንገዱ በማስመሪያ የተሰመረ፣ ጥላው የማይጠገብ። የባቡር ሰዎች ሰፈር ነው። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ መጋላ አለ፣ ገበያው እንደ ራሱ ያደገ። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው። ወንዝ መሆኑን የሚረሳ ሰው ግን 2006ን ያስታውስ። በአንድ ሌሊት ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ሞቷል።

ሐረር ደግሞ ቀስ በቀስ ነጋዴዎቿ ወደ ታች ወረዱ። ሐዲድ ያላገኘች ከተማ ዕጣ ይሄው ነው።

«ምድር ባቡሩን የሠራው ጣሊያን ነው»

አይደለም። ጣሊያን የሠራው የምጽዋ–አስመራውን ነው፣ አስመራ የደረሰውም በ1911። የአዲስ አበባው የሐዲድ ስፋት አንድ ሜትር፣ የዚያኛው 95 ሳንቲ ሜትር ነው። ሁለቱ ተገናኝተው አያውቁም። ቢገናኙም አይገጥሙም።

«መንገድ የተጀመረው በጣሊያን ጊዜ ነው»

ጣሊያን በአምስቱ ዓመት ብዙ መንገድ ሠርቷል፣ መካድ አይቻልም። የጣርማ በርን ዋሻ ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል። ግን ከዚያ ከ30 ዓመት በላይ ቀድሞ ከአዲስ አበባ ወደ አዲስ ዓለም መንገድ ወጥቶ ነበር። በ1907 መጨረሻ ገደማም ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነስቶ መኪና ይዞ አዲስ አበባ ደርሷል። መንገድ ለማለት በሚያስቸግር መንገድ፣ አንዳንዴም መኪናው ሰውን ሳይሆን ሰው መኪናውን እየጎተተ።

የአዲስ ዓለሙ መንገድ ግን ከእንጨት ጋር የተያያዘ ሌላ ታሪክ አለው።

«አዲስ አበባን ከመፍረስ ያዳናት ባሕር ዛፍ ነው»

ግማሽ እውነት። በ1890ዎቹ መጨረሻ እንጦጦና ዙሪያው ተመንጥሮ አልቋል። ማገዶ ከሩቅ ነው የሚመጣው። ለቤት የሚሆን እንጨት ከዚያም ይብሳል። ድሮ ቤተ መንግሥት እንጨት ሲያልቅበት ወደ ሌላ ቦታ መነሳት ልማድ ነበር። ዐፄ ምኒልክም ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር ወስነው እዚያ ግንባታ ጀመሩ። በኋላ ሐሳባቸውን ቀየሩ፣ ሊኖሩበት የነበረው ሕንፃም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ዛሬ የምንሳለማት አዲስ ዓለም ማርያም ናት።

ለምን ቀሩ? ባሕር ዛፍ የገባው በ1890ዎቹ አጋማሽ ነው። መዛወሩ በታሰበ ጊዜ ገና ችግኝና ለጋ ዛፍ ስለነበር ከተማ ሙሉ ሕዝብ ሊያሞቅ አይችልም። ሌላም ምክንያት ነበር። የውጭ ሀገር መልእክተኞች ብዙ ገንዘብ አፍስሰው ቤት ሠርተዋል፣ መኳንንቱም እንዲሁ። ለአዲሱ ከተማ የወጣው መንገድም ከምዕራብ በኩል ካለው ጫካ እንጨት ወደ አዲስ አበባ ማምጫ ሆነ። ባሕር ዛፉ የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። ሲደርስ ግን ጉድ አሰኘ፤ ሲቆርጡት ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል።

ስሙም ባሕር ዳር ስለሚበቅል አይደለም። ባሕር ተሻግሮ መጣ ለማለት ነው፣ የትውልድ ሀገሩ አውስትራሊያ ነውና።

«አዋሽ ጅቡቲ ደርሶ ባሕር ይገባል»

አይገባም። ወደዚያ አቅጣጫ ይፈስና ድንበሩ ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል።

«የኢትዮጵያ ወንዝ መርከብ አይችልም»

መርከብ ሲባል ጣና ብቻ ትዝ የሚለን ባሮን ስለረሳን ነው። ዐፄ ምኒልክና እንግሊዞች በ1902 በተፈራረሙት ውል መሠረት በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ተፈቀደ። ከ1907 ጀምሮ ጋምቤላ ወደብ ሆነች። የኢሉባቦርና የወለጋ ቡና በበቅሎና በሰው ጫንቃ ከደጋው ይወርዳል። እዚያ በእንፋሎት መርከብ ተጭኖ በሶባትና በነጭ ዓባይ ካርቱም ይገባል። ግሪኮች ሱቅ ከፍተው ነበር።

አንድ ችግር ብቻ ነበረው። መርከቡ የሚመጣው ክረምት ነው፣ ውሃው ሲሞላ። በጋ ላይ ባሮ ስለሚጎድል ንግዱም ይተኛል። ክረምት ደግሞ ከደጋ የሚወርደው መንገድ ጭቃ የሚሆንበት ወቅት ነው። በቅሎው ሲችል መርከቡ የለም፣ መርከቡ ሲመጣ በቅሎው ጭቃ ውስጥ ነው። እንዲያም ሆኖ ለአሥርት ዓመታት ሠርቷል። ጣቢያው ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰው በ1956፣ ሱዳን ነፃ በወጣችበት ዓመት ነው።

«አዲሱ ባቡር የድሮው ሐዲድ ላይ ነው የሚሄደው»

ሌላ ሐዲድ ነው። ሰፊ ነው፣ በኤሌክትሪክ ይሠራል፣ የተመረቀውም በ2016 ነው። ድሬዳዋ ላይ ጣቢያው ከከተማው ወጣ ይላል። አዲስ አበባም ለገሃር አይደርስም። ስለዚህ በባቡር ድሬዳዋ ልሂድ ብሎ «ለገሃር» የሚለው ታክሲ ላይ የወጣ ሰው ይውረድ፣ «ለቡ» የሚለውን ይጠብቅ።