«የተማረ ይግደለኝ» ስንል

ባለፈው ሰሞን ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ በታክሲ እየሄድኩ ነበር። አጠገቤ አንዲት እናት የሆስፒታል ቀጠሮ ወረቀት ይዘው ተቀምጠዋል። ከኋላችን ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ አለ። ዞር ብለው «እስቲ ልጄ፣ ይሄ ምን ይላል?» አሉት። ቀኑን አነበበላቸው፣ ሰዓቱን ነገራቸው። ቁርስ ሳይበሉ መሄድ እንዳለባቸውም አስረዳቸው። እናት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «የተማረ ይግደለኝ!» አሉ።

ልጁ አፍሮ ፈገግ አለ። «እማማ፣ እኔ እኮ ገና እየተማርኩ ነው።»

ይህ መልስ ከውስጤ አልወጣም።

አባባሉን ሁላችንም እናውቀዋለን። ቃል በቃል ከተወሰደ ያስደነግጣል። ትርጉሙ ግን «መጎዳቴ ካልቀረ፣ የሚያውቅ ሰው ይጉዳኝ» ነው። የተማረ ሰው አመዛዝኖ ይፈርዳል፣ እኔ ያላየሁትን ያይልኛል የሚል እምነት አለበት። ዛሬ ዛሬ አንድ ሰው የተወሳሰበ ነገር በዘዴ ሲፈታ ለአድናቆት ይባላል።

የበቀለበት አፈርም ሩቅ አይደለም። ፊደል የቆጠረ ሰው ጥቂት በነበረበት አገር፣ ደብዳቤ የሚያነብና አቤቱታ የሚጽፍ ሰው የሌላውን ዕጣ በእጁ ይዞ ነበር። አሁንም ፍርድ ቤት አካባቢ ተቀምጠው የሰው ብሶት የሚጽፉት ራፖር ጸሐፊዎች ያንን ዘመን ያስታውሱኛል። በ1900 ዓ.ም. ገደማ ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት ደግሞ መማር የመንግሥት ሥራ መግቢያ በር ሆነ።

ታዲያ አባባሉ «የተማረ» ነው የሚለው፤ «የሚማር» አይልም። ክብሩ ለጨረሰው ነው። እኔን የሚቆረቁረኝ እዚህ ላይ ነው። ብዙ ልጆቻችን የሚጓጉት ለዲግሪው ነው፤ መንገዱን የሚያጣፍጥላቸው የለም። ዲግሪው ሥራ ካላመጣ ደግሞ ታናናሾቻቸው «ተምሬስ ምን ላገኝ?» ይላሉ። አልፈርድባቸውም።

ጃፓንና ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ተማሪዎች «አራት ያልፋል፣ አምስት ይወድቃል» የሚል አባባል አላቸው። አራት ሰዓት ብቻ የተኛ ፈተናውን ያልፋል፣ አምስት ሰዓት የተኛ ይወድቃል ማለት ነው። ይህ አባባል የሚያየው ሌሊቱን ቁጭ ብሎ የሚያነበውን ልጅ ነው። በደቡብ ኮሪያ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ቀን፣ የእንግሊዝኛ ማዳመጥ ክፍሉ ሲሰጥ አውሮፕላን አይነሳም፣ አያርፍም። አገር ለተማሪው ዝም ይላል። ይህን እወድላቸዋለሁ። ልጅን እንቅልፍ የሚነሳ አባባል ግን ለእኛ አልመኝም።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሃሮልድ ስቲቨንሰን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪና ባልደረቦቹ የጃፓን፣ የታይዋንና የአሜሪካ ተማሪዎችን ከነእናቶቻቸው አነጻጽረው ነበር። የእስያዎቹ እናቶች ለልጁ ውጤት ጥረትን አብዝተው ሲጠቅሱ፣ አሜሪካውያኑ ለተፈጥሮ ችሎታ የበለጠ ቦታ ሰጡ።

እኛስ? ቋንቋችን ራሱ ፈርዷል። ዝቅተኛ ውጤት ያመጣውን «ሰነፍ» እንለዋለን። ሥራ የማይወድም ሰነፍ ነው። ስለዚህ በአንድ ቃል «አልጣርክም» ብለነው እናርፋለን። አንድ መጽሐፍ ለሦስት የሚጋራው፣ ቤቱ ማታ መብራት የሌለውስ? በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። የቀሩትን ሁሉ ሰነፍ ብሎ ማለፍ ይከብደኛል።

የሚማረውን የምናከብርበት ልማድም ግን ነበረን። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ደጅ ሲቆም፣ የቤቱ እመቤት ከልጆቿ ጉርሻ ቀንሳ ትሰጠው ነበር። ገና ንባብ ላይ ያለ፣ ዜማውም ቅኔውም የሚቀረው ልጅ ነው። «ስትጨርስ ና» አላለችውም።

ታክሲው አራት ኪሎ ሲደርስ ልጁ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወርዶ ወደ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አቀና። ከመውረዱ በፊት ግን እናት መልሰውለት ነበር። «ገና እየተማርኩ ነው» ሲላቸው ትንሽ አሰቡ። ከዚያ እጃቸውን ትከሻው ላይ አሳርፈው «እንግዲያውስ እደግ ተመንደግ፣ ልጄ» አሉት።