ስለ መንጋጋ ቆልፍ ክትባት የሚባለውና እውነታው

ከ15 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች በየጤና ጣቢያው በነጻ የሚሰጥ የመንጋጋ ቆልፍ (ቲታነስ) ክትባት አለ። የክትባት ካርዱ አምስት መርፌ ይላል፤ ብዙ ሴቶች ግን ሁለተኛው ላይ ይቆማሉ። የሚያስቆማቸው በአብዛኛው ወሬ ነው።

«የእርጉዝ መርፌ ነው»

ያገባችም ያላገባችም፣ ያረገዘችም ያላረገዘችም ትከተባለች። ስሙ የወጣለት ባለሙያዎች ሴቶችን የሚያገኙት በእርግዝና ክትትል ስለሆነ ነው። ሁለተኛው መርፌ ከመጀመሪያው አራት ሳምንት በኋላ፣ ሦስተኛው ከስድስት ወር በኋላ፣ የቀሩት ሁለቱ በየዓመቱ ይሰጣሉ። የመጀመሪያው ብቻውን ያን ያህል አይከላከልም፤ ሁለት ለሦስት ዓመት፣ ሦስት ለአምስት፣ አራት ለአሥር፣ አምስቱ ደግሞ ለመውለጃ ዕድሜ ሁሉ ይበቃሉ።

«ያመክናል»

እ.ኤ.አ. በ2014 የኬንያ ካቶሊክ ጳጳሳት በክትባቱ ውስጥ የሚያመክን የእርግዝና ሆርሞን አለ ብለው ተቃወሙ። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ አስተባበሉ፤ ማስተባበያው ግን ወሬውን አልደረሰበትም።

መልሱ ካርዱ ላይ አለ። በእርግዝና ጊዜ ብቻ የምትከተብ ሴት በመጀመሪያው እርግዝና ሁለት መርፌ ትወስዳለች፤ ሦስተኛውን የምታገኘው ሁለተኛ ልጇን ስታረግዝ ነው። መርፌው የሚያመክን ከሆነ ሦስተኛው መስመር በምን ተሞላ?

ወሬው ከምንም አልተነሣም። በገጠር ጤና ኬላ የወሊድ መቆጣጠሪያውንም የሦስት ወር መርፌ የምትሰጠው ያችው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ናት፤ የምትወጋውም ክንድ ላይ ነው። ያንን መርፌ ያቆመች ሴት ለማርገዝ ወራት ሊፈጅባት ይችላል። ጎረቤቷ «ከተወጋች በኋላ አልጸነሰችም» ብትል አልዋሸችም፤ ሁለቱን መርፌዎች ነው ያምታታችው። የሚወጋውን ነገር ስሙን ሳይናገር የሚወጋ ባለሙያም ከጥፋቱ ነጻ አይደለም።

«በሽታው ጠፍቷል»

ኢትዮጵያ የእናቶችና የጨቅላ ሕፃናት ቲታነስን ማስወገዷ እ.ኤ.አ. በ2017 ተረጋግጧል። ማስወገድ ማለት ግን በበሽታው የሚያዙት ሕፃናት በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ውስጥ አንድ እንኳ እንዳይሞሉ ማድረግ ነው እንጂ ተህዋሱን ማጥፋት አይደለም፤ እሱ በአፈርና በከብት እበት ውስጥ ይኖራል። ከሰው ወደ ሰው ስለማይተላለፍም የጎረቤት መከተብ ለማንም ጋሻ አይሆንም። ባልጸዳ ምላጭ በተቆረጠ ወይም ቅቤ በተቀባ እትብት በኩል ይገባል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደህና ይጠባ የነበረው ጨቅላ ጡት መያዝ ያቅተዋል፤ ከዚያ ሰውነቱ ይገተራል። እናቱ ተከትባ ከሆነ መከላከያውን በእንግዴ ልጅ በኩል ይዞ ይወለዳል።

«አቋርጫለሁ፣ ከአንድ መጀመር አለብኝ»

የለብሽም። ዓመታት ቢያልፉም ከቆምሽበት ይቀጠላል፤ ካርዱን አትጣይ።

«አርባ ሞላኝ፣ የማህፀን በር ካንሰር ክትባት አመለጠኝ»

ይህ በከፊል እውነት ነው። ክትባቱ ካንሰሩን የሚያመጣውን ቫይረስ ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ ስለማያክም የሚመረጠው በልጅነት ነው፤ በኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ የተጀመረው በ14 ዓመት ልጃገረዶች ነው። አሜሪካ ያሉ ሴቶች እስከ 26 ዓመት፣ ከዚያም እስከ 45 ከሐኪም ጋር ተመካክረው መከተብ ይችላሉ። አገር ቤት ከ30 እስከ 49 ዓመት ላለች ሴት ግን ዋናው የማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ ነው፦ አሴቲክ አሲድ (ኮምጣጤ ውስጥ ያለው አሲድ) የማህፀን በር ላይ ተቀብቶ የነጣ ቦታ ካለ ይታያል፤ ውጤቱም እዚያው ይነገራል። ክትባቱ ሁሉንም የቫይረሱን ዓይነቶች ስለማይሸፍን የተከተበችም ሴት ዕድሜዋ ሲደርስ መመርመር አለባት።